ትንሹ ጫኔ

ባለፈው ሳምንት ደብረ ማርቆስ ሐኪም ቤት፣ በመድኃኒት ሽታ መሐል ተራዬን እየጠበቅሁ ሳንጎላጅ፣ አንዲት ነርስ በሩን ከፈት አድርጋ «ጫኔ ልየው!» ስትል ከወንበሬ ብድግ አልሁ። ካርዴ ላይ የተጻፈው ሰለሞን ልየው ነው። የተጠራው ወጣት አልፎኝ ገባ፤ እኔ በዚህ ዕድሜዬ እንደ ተያዘ ሌባ አንገቴን ደፍቼ ተቀመጥሁ።

ደብረ ወርቅ አጠገብ በነበረው ቤታችን ለበኩር ልጅ ስም አይታሰብም ነበር፤ ጫኔ ልየውን ይወልዳል፣ ልየው ደግሞ ጫኔን፣ እንዲህ እየተፈራረቁ እስከ ሰባት ቤት ይቆጠራሉ። አያቴ ግራዝማች ጫኔ ልየው፣ እኔም ጫኔ ልየው ነበርን፤ የእሳቸው እኩያ የሆነ ጎረቤት ከደጅ «ጫኔ!» ብሎ ሲጣራ እሳቸው ከእልፍኝ እኔ ከጓሮ «አቤት!» እንላለን። እናቴማ ያማቷን ስም መጥራት ነውር ስለሆነባት አንድ ቀን እንኳ በስሜ ሳትጠራኝ «ጌታው» እያለች አሳደገችኝ፤ ጌታው ንፍጡን እንኳ በቅጡ አይጠርግም ነበር። መሬቱ በአዋጅ ሲወሰድ አያቴ ብዙም አላዘኑም፤ ስሙን የሚወስድ የለም ይሉ ነበር። ለእሳቸው ጫኔ ማለት ፈረስ ጭኖ የሚወጣ ሰው ማለት ነው።

ደብረ ማርቆስ ሰባተኛ ክፍል ስገባ ግን የከተማው ልጆች የሚያውቁት ጭነት የአህያን ብቻ ሆነ። «ጫኔ፣ ዛሬ ስንት ኩንታል ጫንህ?» ይሉኛል፤ አንዱ ደግሞ ከኋላዬ «መጭ! መጭ!» እያለ ይነዳኛል። የስምንተኛ ክፍል ፈተና ፎርም ሲመጣ «ሰለሞን» ብዬ ሞላሁና ዘጠነኛ ክፍል ከማያውቁኝ ልጆች ጋር ተደባለቅሁ። ለቤተሰቤ ትንፍሽ አላልሁም።

አንድ የገበያ ቀን አያቴ ሳያስታውቁ በሶና ዳቦ ይዘውልኝ መጡ። ትምህርት ቤቱ በር ላይ ጋቢያቸውን አጣፍተው ቆመው ዘበኛውን «ጫኔ ልየውን ጥራልኝ፣ የልጅ ልጄ ነው» አሉት። ዘበኛው ቧንቧው ዳር የቆምነውን ጠየቀን። ጓደኛዬ ወደ እኔ ዞሮ ጮክ ብሎ «ሰለሞን፣ ጫኔ የሚባል ታውቃለህ?» አለኝ። አያቴ አሥር እርምጃ ያህል ርቀው እያዩኝ ነበር።

«አላውቅም» አልሁ።

አያቴ ወደ ዘበኛው ዞሩ። «ተሳስቼ ነው ልጄ፤ ጫኔ እኔ ነኝ። ሌላ ጫኔ የለም» ብለው ስንቁን ለዘበኛው ሰጥተው ሄዱ። ዘበኛው ዳቦውን ለልጆቹ ሲያካፍል እኔም ድርሻዬን ተቀብዬ በላሁ። ይህን እስከ ዛሬ ለማንም ነግሬ አላውቅም።

ለፋሲካ ቤት ገባሁ። ማዕድ ሲቀርብ አያቴ በዘመድ ሁሉ ፊት፣ ረጋ ብለው፣ «ሰለሞን፣ ና እጄን አስታጥበኝ» አሉ። እናቴ ሰለሞን የተባለውን እንግዳ ፍለጋ ዙሪያዋን አየች። «ይህ ልጅ ነው፤ የወደደውን ስም አውጥቷል፣ በወደደው ጥሩት» አሉ እንጂ የበሩን ነገር አላነሡም። ምነው በዱላ በመቱኝ! ውኃውን ጋቢያቸው ላይ አፈሰስሁት። ከዚያ ወዲያ እስኪሞቱ ድረስ አንድ ቀን ተሳስተው እንኳ ጫኔ አላሉኝም፤ እኔ ግን ይሳሳቱ እንደሆን ጆሮዬን አቁሜ እጠብቅ ነበር።

መሬቱን መንግሥት ወሰደው፤ ስሙን የጣልሁት ግን እኔ ነኝ። ልካስ ብዬ የበኩር ልጄን ልየው አልሁት፣ ከእሱ የሚወለደው ጫኔ ይሆናል ብዬ። አምና ልየው ወንድ ልጅ ወለደ። በክርስትናው ዕለት ሕፃኑን አምጥቶ ጭኔ ላይ አስቀመጠና፣ ደስታው ከፊቱ እየፈሰሰ፣ «አባባ፣ የቤታችንን ወግ ጠበቅሁልዎ፤ ሰለሞን ብየዋለሁ» አለኝ።

ተመስገን አልሁና መረቅሁት።