ከበር ውጭ የተበላ ማር

የቦት ጫማ ቀለም ሲሸተኝ ዛሬም ወገቤ ቀጥ ይላል። በቀደም ቦንጋ ገበያ አንድ ሊስትሮ የቀለሙን ቆርቆሮ ከፈት ሲያደርግ፣ መንገድ መሃል ተገትሬ ቀረሁልህ! ባለባጃጁ ክላክሱን እያንባረቀ "ጋሼ፣ መንገድ!" እስኪለኝ ድረስ እዚያ ኮረብታ ላይ፣ ወታደራዊ አዳሪ ትምህርት ቤታችን ግቢ ውስጥ ነበርኩ።

የቦንጋ ዝናብ ካኪ የደንብ ልብሳችን እንዲደርቅ ፋታ አይሰጠንም ነበር። እርጥቡን ፍራሽ ስር ዘርግተን እንተኛበታለን፤ በሰውነታችን ሙቀት ይደርቃል፣ ይተኮሳልም። ጠዋት ፀሐይ ብልጭ ስትል ሰልፉ በሙሉ እንፋሎት ይተፋ ነበር። ሳቅ አንተ! እኔ ግን ያን ቤት ወድጄው ነበር። ከቢታ ገነት ወዲያ ካለች መንደር የመጣሁ ልጅ፣ ከየአገሩ ከተሰበሰቡ ልጆች ጋር እኩል ስቆም ደረቴ ይነፋል። አባቴ ነበር ልቡ ያልቆረጠለት። "ሄጄ አየዋለሁ፤ ካልጣመኝ ይዤህ እመለሳለሁ" ብሎ ነው የላከኝ።

የመጀመሪያው የወላጆች እሑድ ደረሰ። አባቴ እስከ ጉልበቱ ጭቃ ለብሶ፣ አፉ በኮባ ቅጠል የታሰረ ትልቅ የማር ቅል ተሸክሞ በሩ ላይ ቆመ። በዚያ ዕድሜው ዛፍ ላይ ወጥቶ ከራሱ ቀፎ የቆረጠው ማር ነው። ልብሱ ገና ንብ ያባረረበትን ጭስ ይሸታል።

የበር ጠባቂው ሃምሳ አለቃ በአክብሮት እጅ ነሳው። "ይግቡ አባባ። ማሩ ግን እዚሁ ይቀመጥ፤ የውጭ ምግብ ማስገባት ክልክል ነው።"

አባቴ መጀመሪያ ቀልድ መሰለው። በእኛ ዘንድ ሰው ማር ይዞ ሲመጣ ይቀመስለታል፤ ሳይቀምሱ መመለስ አንተንም አንፈልግህም እንደማለት ነው። ፊቱ ሲጠቁር አየሁት።

"ማሬን የማይቀምስ ቤት ልጄን እንዴት ያሳድጋል?" አለና ወደ እኔ ዞረ። "ሂድ፣ ዕቃህን አምጣ።"

ጉድ ፈላ! አባቴን እንቢ አልለው ነገር አባቴ ነው፤ ትምህርቱን አልተወው ነገር ነፍሴ ነው። ሃምሳ አለቃውም ላብ በላብ ሆኖ "ሕግ እኮ ነው አባባ፣ እኔ ምን ላድርግ?" ይላል። እንባዬን እየዋጥኩ ወደ መኝታ ቤት ስራመድ አዛዣችን ሻለቃው ብቅ አሉ። ጥርሳቸውን አይተን የማናውቅ ኮስታራ ሰው ናቸው። ነገሩን ጠይቀው ሰሙ።

"ሕጉ ትክክል ነው፤ ማሩ አይገባም" አሉ። አባቴ ቅሉን መልሶ ተሸከመ። ይሄኔ ሻለቃው ዞር ብለው ፊሽካቸውን ነፉ። "ሰልፍ!"

ግር ብለን ተሰለፍን። በበሩ አስወጥተው መንገድ ዳር ሣሩ ላይ አስቀመጡንና፣ ቆባቸውን አውልቀው አባቴ ፊት በርከክ አሉ።

"አባባ፣ ማሩ መግባት ካልቻለ እኛ ወጥተናል። ያቅምሱን።"

አባቴ ቅሉን አወረደ። ከዚያ ኮባውን ፈታ። ነጩን ማር ከነሰፈፉ እየቆረሰ፣ በቅጠል እያደረገ ለሁሉም አደለ። ሃምሳ አለቃው ጢሙ ላይ ማር ተለጥፎበት ሊጠርገው ሲታገል ሳቃችን አመለጠን። ጠያቂ የሌለው አንድ ጓደኛዬ ድርሻውን በሁለት እጁ ተቀብሎ "እግዜር ይስጥልኝ፣ አባዬ" አለው። አባቴ የልጁን ራስ ዳበሰና ሁለተኛ ጨመረለት። ስለ ዕቃዬ ዳግመኛ አላነሳም።

ሊሄድ ሲነሳ ሻለቃው ለክብሩ "ተጠንቀቅ!" ብለው አቆሙን። መታጠፊያው ላይ ሲደርስ አባቴ ዞሮ እጁን አወዛወዘልኝ። ተጠንቀቅ የቆመ ሰው አይነቃነቅ ነገር! እጄ ከጭኔ እንደተጣበቀ ቀረ። ሻለቃው አጠገቤ መጡና ፊታቸውን ሳያዞሩ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው "አሳርፍ፣ ልጄ" አሉኝ።

ሁለቱንም እጆቼን አወዛወዝኩ። አባቴ አየኝ፤ ባዶ ቅሉን ከፍ አድርጎ አሳየኝና ቁልቁል ወረደ።

ከዚያ ወዲህ መንደራችን ተመልሼ አልኖርኩም፤ የሄድኩት ሁልጊዜ እንግዳ ሆኜ ነው። አባቴም እስኪያርፍ ድረስ ደጅ ወጥቶ እንደ እንግዳ ነበር የሚቀበለኝ።