ውስጥ እግሬን ማንም አልገረፈኝም

ይህን ለባለቤቴ አልነገርኳትም። ለቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌዎችም አልተናገርኩም፤ በጸሎቴ እንኳ ሳነሳው አድበስብሼ ነው የማልፈው። ከእናንተ ከአንባቢዎቼ በፊት የሰማው ሰው የለምና ሳልሸፋፍን ልጀምር። በአሰበ ተፈሪ ምእመናን ዘንድ «ስለ ጌታ ውስጥ እግሩን የተገረፈው መምህር» የምባለው እኔ ነኝ። አንድም አለንጋ አላረፈብኝም።

በደርግ ጊዜ ቤተ ክርስቲያናችን ታሽጋ የቀበሌ መሰብሰቢያ ስትሆን፣ እኛ «ጴንጤ» እየተባልን የምንሰደበው ሰዎች የምንጸልየው እትዬ ብርቄ ቤት ነበር። እትዬ ብርቄ የጤና ጣቢያው ድሬሰር ናት፤ ባሏ የሞተባት፣ ቀልድ የምትወድ፣ እጇ ለመርፌ የቀለለ። ሰው ሁሉ ሊወጋ ቤቷ ስለሚሄድ የእኛ መግባትና መውጣት ዓይን አይስብም። መንገድ ላይ ስንገናኝም «ዛሬ ትወጋለህ?» ነበር የምንባባለው። ሬዲዮውን ከፍ አድርገን መዝሙሩን በሹክሹክታ እንዘምራለን፤ የማጨብጨብ አምሮቴን ጉልበቴን መታ መታ እያደረግኩ እወጣው ነበር።

ጎረቤቷ አዴ ሞሚና ጫት ነጋዴ ነበሩ፤ ሙስሊም ናቸው። የቀበሌ ሰዎች እዚያ ቤት ማን እንደሚሰበሰብ ሲጠይቋቸው፣ «ወላሂ፣ ታማሚ ነው የሚመጣው። ሌላ ሰው አላየሁም» አሏቸው። ግድግዳው የጭቃ ነው፤ ጸሎታችንን ከአሜኑ ጋር ይሰሙ ነበር። የእኛ አንድም ውለታ ሳይኖርባቸው በአላህ ስም ምለው ሸፈኑን። ክርስቲያኑ እኔስ ምን አደረግኩ?

የማስተምርበት ትምህርት ቤት አዳራሽ ውስጥ የሂስና ግለሂስ ስብሰባ ተጠራ። ያን ሰሞን ለምክትል ዳይሬክተርነት ስሜ ተነስቶ ነበር። ሰብሳቢው ካድሬ ሻይ አስመጣልኝና በለሰለሰ አንደበት፣ «ጓድ፣ ስለ አንተ የሚወራ ነገር አለ፤ አንተው ብታጠራው ይሻላል» አለኝ። ይኸው ነው፣ ሌላ ማስፈራሪያ የለም። መርፌ ልወጋ ነው የምሄደው ማለት እችል ነበር። ዝም ማለትም እችል ነበር። እኔ ግን ተነሳሁ። ተነስቼ ግለሂሴን አቀረብኩ፤ በጌታ ማመኔን እንደ ጥፋት ቆጥሬ ጓዶቼን ይቅርታ ጠየቅኩ። በሰው ፊት ቆሜ የተናዘዝኩት በዕድሜዬ ያን ቀን ብቻ ነው፤ የተናዘዝኩትም እምነቴን ነው። ይህ በቃኝ? አልበቃኝም። ማንም ሳይጠይቀኝ፣ «ያሳሳተችኝ ድሬሰሯ ናት» አልኩ። ስሟን የጠራሁት እኔ ነኝ። አጨበጨቡልኝ፤ እኔም ተቀመጥኩ።

በማግስቱ ወሰዷት። ወራት ታስራ ስትፈታ ከሥራዋ ተባርራ ነበር፤ ሚኤሶ ወርዳ ባቡር ጣቢያው አጠገብ ሻይ መሸጥ ጀመረች። እኔ ምክትል ዳይሬክተር ሆንኩ። እናቴን እጦር ነበር ልበል? እትዬ ብርቄስ የምታሳድጋቸው ልጆች አልነበሯትም?

ከዓመት በኋላ ወደ አዋሽ ስሄድ አውቶቡሳችን ሚኤሶ ላይ ቆመ። ላልወርድ ወስኜ ነበር፤ ሙቀቱ አስወረደኝ። ቀድማ ያየችኝ እሷ ናት። መጥታ አቀፈችኝ። ከስታለች፣ ፊቷ በፀሐይ ጠቁሯል።

«ስሜን የጠራኸው አንተ መሆንህን እስር ቤት ነግረውኛል» አለች። «መቼም ሳይደበድቡህ አልተናገርክም። ወንድሜ፣ ከራሴ ይልቅ ላንተ ነው ያለቀስኩት። የት የት መቱህ?»

አልመቱኝም ለማለት አንድ ቃል ይበቃል። «ውስጥ እግሬን» አልኳት።

«እስቲ ጫማህን አውልቀው፣ ልየው» ብላ ጎንበስ አለች፤ ድሬሰር አይደለች? «ድኗል» አልኩና እግሬን ሰበሰብኩ።

አዳራሹ ውስጥ ሹመት ጎምጅቼ ነው። ሚኤሶ ላይስ ምን ጎመጀሁ? እንባዋን። የበደልኳት ሴት ስታዝንልኝ ጣፈጠኝ፤ እውነቱ ይህ ነው፤ ከመጀመሪያው ይልቅ የማፍረውም በዚህ ነው። እሷ ከስብሰባው በፊት ገርፈውት ነው ብላ በየዋህነት ለምእመናኑ አወራች፤ ወሬው ሂርና ድረስ ደረሰ። ወደ ጉባኤው ተመልሼ ስገባ ሰው እግሬን እያየ ወንበር ይለቅልኛል፤ እቀመጣለሁ። አንዳንዴ አነክስም ነበር። ይህንንም ቁጠሩብኝ።

አሁን መንግሥት ተለውጧል፤ ቤተ ክርስቲያናችን ተመልሳልናለች። ሽማግሌዎቹ በመጪው እሑድ ክርስትና የሚያስከፍለውን ዋጋ ለወጣቶቹ እንድመሰክር ጠይቀውኝ እሺ ብያለሁ። እመሰክራለሁ። ዋጋውን የከፈለችው ማን እንደሆነች፣ ማንስ እንዳስከፈላት እናገራለሁ። ከአገልግሎት ቢያግዱኝ ይገባኛል። ባለቤቴ ምን እንደምትል አላውቅም፤ ያገባችኝ ያንን የተገረፈውን ሰው ብላ ነው። ዋጋ መክፈል ሲባል እስር ቤት ብቻ ይመስለኝ ነበር። የእኔ ዕዳ ግን የማይገባኝን ክብር በሰጡኝ ሰዎች ፊት መመለስ ነው፤ ከዚህ በኋላ አላሳድረውም።

ከእናንተ ይቅርታ አልጠይቅም፤ የበደልኩት እናንተን አይደለም። ከእሑድ በፊት ሚኤሶ እወርዳለሁ፤ እትዬ ብርቄ አሁንም እዚያው ናት። እስከ ዛሬ ያልሄድኩት ትቆጣኛለች ብዬ ፈርቼ አይደለም። ብትቆጣኝማ እንዴት በቀለለኝ። አውቃታለሁ፤ ገና ስጀምር ይቅር ትለኛለች፤ እኔም በዚያ ተሸፍኜ ግማሹን ውጬ እመለሳለሁ። ስለዚህ አንድ ነገር ብቻ እለምናታለሁ፤ ሁሉንም ተናግሬ እስክጨርስ ድረስ ይቅር እንዳትለኝ።