በእናቴ ሠልስት ቀን

የእናቴን መርዶ የነገሩኝ እሑድ ማለዳ ነው። ያኔ ናይሮቢ፣ ካሳራኒ በሚባል ሰፈር ፎቅ ላይ አንድ መኝታ ቤት ያለው ቤት ተከራይቼ ብቻዬን እኖር ነበር። በሩ ሲንኳኳ ውኃ የሚያመጡልኝ መስሎኝ ከፈትኩ። አምስት ሰዎች ቆመዋል። ከፊት ያሉት ኢስትሊ ሰፈር ውስጥ ምግብ ቤት ያላቸው፣ ናይሮቢ ስመጣ መጀመሪያ ያስጠጉኝ ሴትዮ ናቸው፤ እትዬ ነው የምላቸው። ሁሉም ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ለብሰዋል።

«ማን ነው?» አልኩ።

«እናትሽ፣ ልጄ» አሉ እትዬ።

አብረዋቸው የመጡት ሴቶች ጮኹ። እኔ ግን አስገብቻቸው በሩን ዘጋሁና «ጫማችሁን አታውልቁ፣ ወለሉ ይቀዘቅዛል» አልኳቸው። ይህን ማለቴን የማውቀው በኋላ ስለነገሩኝ ነው።

ቀብሩ በዚያው ቀን አዲስ አበባ ተፈጸመ። እኔ መሄድ አልቻልኩም። ፓስፖርቴ የሥራ ፈቃዴን ለማሳደስ ኢሚግሬሽን ገብቶ ነበር፤ መቼ እንደሚወጣ የሚነግረኝ ሰው አልነበረም። እናም ቤቴ ውስጥ ፍራሽ ተነጠፈ፣ ከጎረቤት ወንበር ተለመነ፣ ናይሮቢ ያለን ኢትዮጵያውያን የማኅበራችን ሰዎች በየተራ እየመጡ ተቀመጡ። እየገቡ ያለቅሳሉ፣ እኔን ያቅፉኛል፣ እኔ ደግሞ ጀርባቸውን መታ መታ እያደረግኩ አባብላቸዋለሁ። «ኧረ ይውጣልሽ፣ አልቅሺ» አሉኝ። እሞክር ነበር። አፌ ይከፈታል፣ ምንም አይወጣም።

ሰኞ ከሰዓት በኋላ፣ ቤቱ ሞልቶ ሳለ፣ «ነገ አራት ሰዓት ላይ የሥራ ቃለ መጠይቅ አለብኝ» አልኩ።

ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ።

ሥራው ይህ ነው። መሃል ከተማ አንድ ሱፐርማርኬት ውስጥ የመደርደሪያ ተቆጣጣሪ ሆኜ ሦስት ዓመት ሠርቻለሁ። ድርጅቱ ወደ ቲካ ከተማ በሚወስደው መንገድ በኩል አዲስ ቅርንጫፍ ሊከፍት ነበርና ሥራ አስኪያጅ ይፈልጋል። አመልክቼ፣ ከሁለት ሳምንት በፊት የቀጠሮ ደብዳቤ ደረሰኝ።

ከማኅበሩ ሽማግሌዎች አንዱ፣ «ነገ እኮ ሠልስት ነው፣ እህቴ» አሉኝ ቀስ ብለው። «ያስተላልፉልሽ።»

«አያስተላልፉም።»

«ጠይቀሻቸዋል?»

«አልጠየቅኩም።»

ሽማግሌው ወደ እትዬ ዞር አሉ። እትዬ፣ «ትሂድ። ሰው ሲመጣ እኔ እቀበላለሁ» አሉ። አንዲት ሴት ተነሥታ ወደ ማድ ቤት ገባች፤ እዚያ ሆና ስታጉረመርም ይሰማኛል።

ለምን እንደሄድኩ ብዙ ጊዜ አስቤበታለሁ። ብርታት አልነበረም። ሥራውንም በዚያ ቀን ፈልጌው አልነበረም። ማክሰኞ አራት ሰዓት የሚል ወረቀት ነበረ፣ ማክሰኞ ደረሰ፣ ተነሥቼ ፊቴን ታጠብኩ።

ጥቁር ቀሚስና ጥቁር ሹራብ ለበስኩ። ጥቁሩ የሐዘን መሆኑን ማን ያውቃል? የመሃል ከተማ ሠራተኛ ግማሹ ጥቁር ለብሶ ነው የሚውለው። ማታቱ በሚሉት ሚኒባስ ውስጥ ሙዚቃው መስኮቱን ያንቀጠቅጣል። አንድ አደባባይ ጋ ስንደርስ መንገዱ ተዘጋግቶ ሳንንቀሳቀስ ብዙ ቆየን። አጠገቤ የተቀመጠ ሰውዬ ሹፌሩን እየተሳደበ እኔን ለምስክርነት ያየኛል። ራሴን ነቀነቅኩለት።

ቢሮው ሱቁ ላይ ያለው ፎቅ ነው። ሦስት ሆነው ጠበቁኝ። አንደኛው የድርጅቱ ባለቤት ናቸው፤ ናይሮቢ ተወልደው ያረጁ ቀጭን ሕንዳዊ። ሁለተኛዋ የሠራተኛ አስተዳደር ኃላፊዋ ናት፣ ሦስተኛው ደግሞ የራሴ አለቃ፣ የመሃል ከተማው ቅርንጫፍ ሥራ አስኪያጅ። መብራት ሌሊት ጠፍቶ ቢያድር ወተቱን ምን ታደርጊዋለሽ አሉኝ፤ መለስኩ። ሁለት ሠራተኞች ደንበኛ ፊት ቢጣሉስ አሉኝ፤ ያንንም መለስኩ። ድምፄ ከሌላ ክፍል የሚመጣ ይመስለኝ ነበር። ጥሩ እንግሊዝኛ ነው የምትናገረው፣ ብዬ አሰብኩ፣ ስለ ሌላ ሰው እንደማስብ።

ከዚያ ባለቤቱ ተነሡ። «ነይ እንውረድ። የምታዪውን ንገሪኝ» አሉኝ።

ሱቁ ውስጥ እሳቸው ከኋላዬ እየተከተሉኝ ሄድኩ። አዲሱ እርጎ ከፊት፣ የማብቂያ ቀኑ የቀረበው ከኋላ ተደርድሯል አልኳቸው። የሩዙ ዋጋ የተለጠፈው ስኳሩ ሥር ነው። የማቀዝቀዣው በር ጎማ ለቋል፣ በረዶ የጋገረው ለዚያ ነው። ቲማቲሙ ጋ ስንደርስ ጎንበስ ብዬ እጄን ከሥር ሰደድኩና የበሰበሰ አወጣሁ። እጄ ላይ ፈረሰ። ውኃው በክንዴ ሲወርድ ቆሜ አየዋለሁ፤ መጥረግ እንዳለብኝ ትዝ አላለኝም። ባለቤቱ ከኪሳቸው መሐረብ አውጥተው ሰጡኝ።

ተመልሰን ስንወጣ ኃላፊዋ የመጨረሻውን ጥያቄ ጠየቀችኝ።

«ቅዳሜ ነው፣ ሱቁ ሞልቷል። አንዲት ካሸር እናቴ ሞተች፣ ልሂድ ትልሻለች። ባለፈው ዓመት አያቴ ሞተች ብላ ሄዳ ውሸት ሆኖ ተገኝቷል። ምን ታደርጊያለሽ?»

ይህን ሁሉንም ሰው ይጠይቃሉ። ትክክለኛውንም መልስ አውቀዋለሁ፤ አለቃዬ ራሱ ነግሮኛል። ሞቱን የሚያስረዳ የቀብር ፈቃድ ወረቀት ታምጣ ነው።

«ትሂድ እላታለሁ» አልኩ።

«ብትዋሽስ?»

«ስትመለስ እንነጋገራለን።»

«በእሷ ቦታ ማን ይቀመጣል?»

«እኔ።»

አለቃዬ በወንበሩ ላይ ተመቻቸ። «ይጫወቱብሻል እኮ» አለኝ።

«ሊጫወቱብኝ ይችላሉ። ግን እውነት ከሆነ፣ ሱቁ ውስጥ ብትቆይም ሥራ አትሠራም። እጇ ይሠራል እንጂ እሷ እዚያ የለችም።»

ባለቤቱ ቀና ብለው አዩኝ። «ደርሶብሽ ያውቃል?»

«እናቴ ከትናንት በስቲያ ተቀበረች» አልኳቸው። ስለ እርጎው በነገርኳቸው ድምፅ ነው የነገርኳቸው።

ኃላፊዋ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። «ፖሌ» አለች፣ «ፖሌ ሳና»፤ በኬንያ ሰው ሁሉ ለሐዘንተኛ የሚለውን። አለቃዬ ደነገጠ። «ለምን አልነገርሽኝም? ታዲያ ዛሬ እዚህ ምን ትሠሪያለሽ?»

«ቀጠሮ ነበረኝ» አልኩ።

ደረጃውን ስወርድ ነው አንድ ነገር የተሰማኝ፤ እሱም ሐዘን አልነበረም፣ ኀፍረት ነው። የእናቴን ሞት ጠረጴዛ ላይ አውጥቼ አስቀመጥኩት። ሥራ ለማግኘት አስቤ አልተናገርኩም፣ ተጠይቄ ነው የመለስኩት። ግን ሦስቱም ፊታቸው ሲለወጥ አይቻለሁ፤ የተለወጠውም ለእኔ በሚጠቅም በኩል ነበር።

ቤት ስደርስ የሠልስቱ ምሳ እየተበላ ነው። አንድ ሰው የእናቴን ፎቶ ከአልበሜ አውጥቶ ግድግዳው ላይ አስደግፎታል። ማድ ቤት ገብታ ያጉረመረመችው ሴት ምግብ አቀረበችልኝ፤ ፊቴን ግን አላየችም። እትዬ አጠገቤ ተቀመጡ።

«እንዴት ሆነልሽ?»

«ጠየቁኝ፣ መለስኩ።»

«እሺ። ብዪ» አሉኝ። በላሁ። ምን እንደነበረ አላስታውስም።

በስምንተኛው ቀን አለቃዬ ስልክ ደወለና ሥራው የአንቺ ነው አለኝ። አመሰገንኩት። ሥራውን ያገኘሁት በቲማቲሙ ይሁን በእናቴ አልጠየቅኩትም። በኋላ በዚያ ሱቅ አምስት ዓመት ስሠራ፣ ባለቤቱ በየሳምንቱ እየመጡ መደርደሪያ ለመደርደሪያ አብረውኝ ሲዞሩም አልጠየቅኋቸውም። ጥሩ ሥራ አስኪያጅ ነበርኩ ይሉኛል። መልሱን ብሰማው ምን እንደማደርገው ስለማላውቅ ተውኩት።

ሥራውን ባገኘሁበት ሳምንት አዲስ አበባ ላለችው እህቴ ደወልኩላት። ሥራ ማግኘቴን ነገርኳት። የስልኩ መስመር ይንሾካሾካል።

«በሠልስቷ ወጣሽ አሉ» አለችኝ።

«አዎ።»

የስልክ ካርዴ እያለቀ እንደሆነ አውቃለሁ፣ እሷም ታውቃለች።

«ስንት ሰዓት ነው ሥራ የምትገቢው?» አለችኝ በመጨረሻ።

«አንድ ሰዓት።»

«ቁርስ ሳትበዪ እንዳትወጪ» አለችኝ። እሺ አልኳት። ሌላም ነገር ልትለኝ ስትጀምር መስመሩ ተቋረጠ፤ ካርድ ገዝቼ መልሼ እስክደውል ድረስ እሷ ወደ ሥራዋ ሄዳ ነበር።