ላልነበረ ሰው የመጣ ድስት

ይህ ድስት የእኔ አይደለም። አረንጓዴ ኤናሜል ነው፤ ጆሮው ላይ ቀለሙ ተፈርፍሮ ጥቁሩ ብረት ይታያል። ክዳኑ ላይ የቁስል ፕላስተር ተለጥፎበታል፤ በፕላስተሩ ላይ በእስክሪብቶ «አራተኛ ፎቅ» ተብሎ ተጽፏል። ብዙ ጊዜ ታጥቧል። ሆኖም ክዳኑን ስከፍት የምስር ወጥና የቁሌት ሽታ አሁንም የሚመጣ ይመስለኛል። ይመስለኛል ነው የምለው፤ ሙያዬ ያላረጋገጥኩትን እንዳልናገር አስተምሮኛል። ድስቱ ቤታችን የመጣው ለለቅሶ እንደነበር ግን አረጋግጣለሁ። የሞተ ሰው እንዳልነበረም አረጋግጣለሁ።

አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ፣ አሳንሰሩ ዘወትር በሚበላሽ ሕንፃ፣ እናቴ፣ አክስቴና እኔ ሁለተኛ ፎቅ ላይ እንኖር ነበር። እናቴ ሆቴል ውስጥ ክፍል ታጸዳለች። አክስቴ የትምህርት ቤት አውቶቡስ ትነዳለች። ጎህ ሳይቀድ ትወጣና ከሰዓት በኋላ ስትመለስ ጃኬቷ የናፍጣና የሞቀ የፕላስቲክ ወንበር ሽታ ይዞ ይገባል። ለእኔ የቤት ሽታ ማለት ያ ነበር። ስልክ ገና የሚታጠፍበት ዘመን ነው፤ እኔ የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ ነበርኩ።

አክስቴ አላገባችም። ይህ በሕንፃችንም በቤተ ክርስቲያኑ ግቢም የማያልቅ ጉዳይ ነበር። ከቅዳሴ በኋላ አንዷ ክንዷን ይዛ ወደ ጥግ ትወስዳታለች። «አንድ ጨዋ ሰው አለ። የመኖሪያ ወረቀት ያለው፣ የማይጠጣ፣ የማያጨስ።»

«ለሚፈልግ ስጡት፤ እኔ ላይ አታባክኑት» ትላለች አክስቴ።

ሰው ሁሉ ቀልድ ይመስለው ነበር። ቀልድ አልነበረም።

አንድ ቀን ከትምህርት ቤት መልስ ድንገተኛ በረዶ መንገዱን ዘጋው። መኪናው ሁሉ እየተንሸራተተ ሲላተም፣ አክስቴ አውቶቡሷን ጥግ አስይዛ አቆመች። ወላጆቻቸው በእግር እየመጡ እስኪወስዷቸው ድረስ ልጆቹን እያዘፈነች አቆየቻቸው። አንድም ልጅ አልተጎዳም። ወሬው ጎረቤት ከተማችን አሌክሳንድሪያ ደረሰ። እዚያ ቅዳሜ ቅዳሜ በኬብል የሚተላለፍ የአማርኛ ዝግጅት ነበር፤ በዚያ ዘመን የኛ ሰው ሳያየው አይውልም። አቅራቢው ራሱ ደውሎ «ጀግናችንን ለቃለ መጠይቅ እንፈልጋለን» አለ።

ስቱዲዮው ከአንድ ምንጣፍ ቤት በላይ ያለ ክፍል ነበር። አዲስ ምንጣፍ አዲስ ምንጣፍ ይሸታል። መብራቱ ያቃጥላል። አክስቴ የሥራ ጃኬቴን አላወልቅም ብላ በጃኬቷ ተቀመጠች። እኔ ከካሜራው ኋላ የፕላስቲክ ወንበር ላይ ነበርኩ። ስለዚህ የምነግራችሁን በጆሮዬ ሰምቻለሁ።

ስለ በረዶው ተጠየቀች፣ ስለ ልጆቹ ተጠየቀች። በመጨረሻ አቅራቢው ጠጋ ብሎ ድምፁን አለሰለሰ። «ለሰው ልጆች ይህን ያህል እናት የሆኑ ሴት፣ ትዳርስ?»

አክስቴ አልደነገጠችም። «አላገባሁም። ማግባት አምሮኝም አያውቅም። ሰዎች ስለ ፍቅር፣ ስለ መኝታ ሲያወሩ እሰማለሁ፤ እኔን እንዲህ ያለ ነገር ጎብኝቶኝ አያውቅም። ወንድ ተመኝቼ አላውቅም፣ ሴትም። ሐኪም አይቶኛል፤ ጤነኛ ነኝ። የበደለኝ ሰው የለም። እንዲሁ እንደዚህ ነኝ። ደስተኛም ነኝ።»

ካሜራውን የያዘው ሰው ቀና ብሎ አያት። አቅራቢው ሳቅ አለና «አይዞዎት፣ ጊዜው ገና ነው» አላት።

«አዝኜ መች አውቃለሁ?» አለችው።

በቤልትዌዩ አውራ ጎዳና ስንመለስ በዚያ ብርድ መስኮቷን ከፍታ ነዳች። ጉንጯ ቀልቷል። «በሰው ፊት ተናግሬው አላውቅም ነበር» አለችኝ። «ለካ እንዲህ ቀላል ነው!» ያን ያህል ቀሏት ያየኋት ያን ቀን ነው።

ቅዳሜ ሦስታችንም ሶፋው ላይ ተደርድረን ጠበቅን። በረዶው ታየ፣ አውቶቡሱ ታየ። ከዚያ ዋሽንት ጀመረ። ማይክሮፎኑን ስታስተካክል አንገቷን ደፍታ የነበረችበት ምስል መጣ፤ ምስሉም ቀስ እንዲል ተደርጓል። የአቅራቢው ድምፅ ቀጠለ፦ «ከዚህ ፈገግታ በስተጀርባ ግን የማይሽር ቁስል አለ። እጮኛዋ ወደ ጦር ግንባር እንደሄደ ቀረ። እሷም ለዚያ ፍቅር ስትል ሌላ ወንድ ላታይ ቃል ገባች።»

እናቴ ወደ አክስቴ ዞረች። «ማነው እሱ?»

«እኔ ምን አውቄ!» አለች አክስቴ።

ከተናገረችው አንድም ቃል አልወጣም። አንድም።

በማግስቱ ከቅዳሴ መልስ በሩ ተንኳኳ። ነጠላቸውን ለሐዘን ያዘቀዘቁ ሴቶች ኮሪደሩን ሞልተውታል። ሁሉም ድስት ይዘዋል። የቤተ ክርስቲያኑ የሴቶች ማኅበር ሰብሳቢ የሆኑት ትልቅ እናት የአክስቴ አንገት ላይ ተጠመጠሙ። «ምነው ልጄ፣ ምነው! ይሄን ሁሉ ዘመን ብቻሽን ስታለቅሺ እኛ ሳንሰማ! ይቅር በይን።» ለቅሶ ዘግይቶም ቢሆን ይደረሳል፤ ወጋችን ነው። ሳይደርሱት የቀረ ለቅሶ መንገድ ላይ ሲገናኙ ያሳፍራል። ላልተወለደ ሰው ሲደረስ ያየሁት ግን ያን ቀን ብቻ ነው።

«እማማ፣ የሞተ ሰው የለም እኮ» አለች አክስቴ።

«እንዲህ ነው የሚባለው፣ ልጄ። አስከሬን ሳያዩ ልብ አይቆርጥም።»

«ሰውየው ራሱ አልነበረም!»

«ነፍሱን ይማረው» አሉ እማማ፤ ሴቶቹም ተቀብለው አለቀሱ።

አንዷ እንባዋን ጠርጋ «ረዘም ያለ፣ ቀይ ዳማ ልጅ አልነበረም? እኔ ሳላውቀው አልቀርም» አለች። አክስቴ ወደ ጆሮዬ ጎንበስ ብላ «እኔ ሳላውቀው እሷ አወቀችው» አለችኝ። ሳቄ ሊያመልጠኝ ነበር። ከዚያ እጇን አየሁት፤ የጃኬቷን ጫፍ ጨምድዶ ይዞ ነበር።

ሴቶቹ ክፉዎች አልነበሩም፤ ይህ መነገር አለበት። ከሥራ ተርፎ በማይገኝ ጊዜያቸው ሽንኩርት ከትፈው፣ ምስር ቀቅለው፣ ከላንግሊ ፓርክ ሳይቀር አውቶቡስ ይዘው የመጡ ነበሩ። እንባቸው እውነተኛ ነበር። የሚያለቅሱት ግን አቅራቢው ለፈጠራት ሴት ነው። አክስቴ በገዛ ሳሎኗ የሌላ ሴት ሐዘን ላይ እንደተጋበዘች እንግዳ ተቀመጠች።

ሲሄዱ እናቴ ድስቶቹን ምድጃው ላይ እየደረደረች «ተይው» አለቻት። «ስንት ዘመን ለምን አታገቢም እያሉ አሰለቹሽ። ይሄው ከእንግዲህ ማንም አይጠይቅሽም። ሰውየው ቢኖርም ባይኖርም ዝም አሰኘልሽ።»

«ዝም ያሰኘው እኔን ነው» አለች አክስቴ።

እናቴ ወደ ድስቶቹ ተመለሰች። እውነቷን ነበር የመከረቻት፤ ያ የሌለ ሰው ዕድሜ ልክ የሚያገለግል ጋሻ ነበር። ዝም ብሎ መቀበል ብቻ ነው የሚጠይቀው።

በሳምንቱ አክስቴ ከሥራ ስትወጣ አሌክሳንድሪያ ይዛኝ ሄደች። ካሜራ በሌለበት አቅራቢው «እርስዎ» ማለቱን ትቶ «አንቺ» አላት። «ምን አጠፋሁ? ክብርሽን ነው የጠበቅሁልሽ። ያልሽውን እንዳለ ባወጣው፣ ታማለች ይሉሽ ነበር።»

«ጤነኛ ነኝ ብዬሃለሁ። እሱንም ቆርጠኸዋል።»

«እህቴ፣ ሰው ምክንያት ይፈልጋል።»

«ምክንያት የለውማ! ያልተወለደ ሰው ገደልክብኝ እኮ።»

ሳቀ። «ሰው ሁሉ ወደደሽ፤ ምን ጎደለብሽ?»

እኔ አላስቻለኝም። «ዝም ብለው የተናገረችውን እንዳለ ማስተላለፍ አይችሉም?» አልኩት።

«የኔ ልጅ፣ ቴፑ ላይ ሌላ ቀድተንበታል» አለኝ፤ እጁን ወደ መደርደሪያው ወርውሮ። «የሠርግ አዳራሽ ማስታወቂያ።»

ከዚያ ወዲህ በሙያዬ ብዙ ሰው ሲዋሽ ሰምቻለሁ፤ በሚዋሽ ሰው ላይ ድምፄን ከፍ አድርጌ አላውቅም። ያቺን መደርደሪያ ሳስታውስ ግን ዛሬም ልጮህ ይቃጣኛል። ባለ ጉዳይዋ ፊቱ ተቀምጣ ቃሏን ሰጥታዋለች። ጥያቄውን ራሱ ጠይቋል፤ መልሱ ስላልጣመው ጣለውና የራሱን አስገባ። ይህ አርትዖት አይባልም። የሰው ሕይወት መስረቅ ነው። ይባስ ብሎ ሰርቆ ውለታ አስቆጠረ።

ባዶ ዕቃ አይመለስም፤ ይህም ወግ ነው። አክስቴ አንድ ከረጢት ብርቱካን ገዛች። ድስቶቹን አጥባ በየድስቱ ብርቱካን ጨመረች፤ እኔን ተሸካሚ አድርጋ በየበሩ ማንኳኳት ጀመረች።

«ምስሩ ግሩም ነበር፤ እግዜር ይስጥልኝ» ትላለች በሩ ሲከፈት። «የሞተብኝ ሰው ግን የለም። ቴሌቪዥኑ ነው የዋሸው። እኔ ያልኩት እንዲህ ነው።» ከዚያ ስቱዲዮ ውስጥ ያለችውን፣ ሳትጨምር ሳትቀንስ፣ ኮሪደሩ ላይ ቆማ ትደግመዋለች። ማስተባበያ የሚለውን ቃል ገና አላውቀውም ነበር። ከዚያ የጠራ ማስተባበያ ግን እስካሁን አላነበብኩም።

አንዷ «ጸበል አለ፣ አይዞሽ፤ እኔ አብሬሽ እሄዳለሁ» አለቻት። የአንዷ ባል ከውስጥ ሆኖ ሳቀ። አንዷ ድስቷን ከእጄ ነጥቃ፣ ብርቱካኑ እየተንከባለለ፣ በሩን ዘጋችው። ትልቋ እናት እስከ መጨረሻው አዳመጡ፤ ጉንጯን ዳሰሱና ሐዘን በተሞላ ድምፅ «ልጄ፣ ለቅሶው ይሻልሽ ነበር» አሏት። እሳቸውም የተናገሩት ከፍቅር ነበር። ከሁሉም የጎዳት እሱ ይመስለኛል። ደረጃው ላይ ትንሽ ተቀመጠች። «ይበቃናል፣ እንመለስ» አልኳት። «አንድ ቀርቷል» አለች።

የቀረው ይህ አረንጓዴ ድስት ነበር። የአራተኛ ፎቋ ሴት ትንሿን ልጇን ታቅፋ በሩን ከፈተች። ከኋላዋ የካርቱን ጩኸትና የሌሎች ልጆቿ ንትርክ ይሰማል። አክስቴ ደክሟት ስለነበር ቀስ ብላ ነው የተናገረችው። ሴትየዋ ዓይኗን ሳትነቅል ሰማቻት። አልሳቀችም፤ ጸበልም አላለች።

«እኔም እንደዚያው ነኝ» አለች፤ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «እኔን ግን ማን ጠየቀኝ?»

«ማነው?» አለ ከውስጥ የወንድ ድምፅ።

«የምስሩ ድስት ነው!» ብላ መለሰችለት። ከዚያ ከድስቱ አንድ ብርቱካን አንስታ ድስቱን መልሳ ወደ አክስቴ ገፋችው። «አቆዪልኝ። መጥቼ እወስደዋለሁ። ያኔ እናወራለን።»

በሩ ከተዘጋ በኋላ አክስቴ እዚያው ቆማ ቀረች። ደረጃውን ስንወርድ «ሁለት ሆንን» አለችኝ።

ሴትየዋ አልመጣችም። አሳንሰር ውስጥ ከባሏና ከልጆቿ ጋር ስንገናኝ አክስቴን ታያትና ፈገግ ትላለች፤ አክስቴም እንደዚያው። ልጆቹ ትምህርት ሲዘጉ ቤተሰቡ ወደ ቴክሳስ ሄደ። ዕቃ የጫነው መኪና ሲነሳ አክስቴ ሥራ ላይ ነበረች። ስትመለስ ነገርኳት። ጃኬቷን ሳታወልቅ ድስቱን ከመደርደሪያው አወረደች፤ ጠረገችውና መልሳ አስቀመጠችው።

ዩኒቨርሲቲ ስገባ ኮምፒውተር ላይ ቃሉን አገኘሁት፤ ኤሴክሹዋል፣ ማንንም የማይመኝ ሰው ማለት ነው። ደውዬ ነገርኳት። «ስም ካለው ብዙ ነን ማለት ነው» አለች። ቀጥላ «ለአራተኛ ፎቋ ማን ይነግርልኛል?» አለችኝ።

አንድ ሰሞን ደግሞ እሑድ እሑድ አክስቴ ጋ እየሄድኩ አንድ የአሜሪካ የወንጀል ምርመራ ድራማ እናይ ነበር። መርማሪዋ ሴት ማንንም አትመኝም፤ ሥራዋን ትወዳለች፣ ትስቃለች፣ ጓደኞች አሏት። አክስቴ ሶፋው ጫፍ ላይ ወጥታ ነበር የምታያት። በመጨረሻው ክፍል መርማሪዋ ባልደረባዋን ስማ፣ «እስከ ዛሬ የፈራሁት ፍቅርን ነው» ብላ አለቀሰች። አክስቴ ሪሞቱን ጠረጴዛው ላይ ወረወረች። «እሷንም ዳሯት!» አለች። ዋሽንቱ ብቻ ነው የቀረው። በጀት ያለው ታላቁ ጣቢያ ያደረገው ከምንጣፍ ቤቱ በላይ ያለው ሰውዬ ያደረገውን ነው።

እኔም ጋዜጠኛ ሆኜ እንደ አክስቴ ስላሉ ሰዎች ልጻፍ ስል አለቃዬ መጀመሪያ የጠየቀኝ «ምን ደርሶባቸው ነው?» ብሎ ነው። ምንም አልደረሰባቸውም አልኩት። «ታዲያ ታሪኩ የቱ ጋ ነው?» አለኝ። ተሟግቼ ጻፍኩት። ያነጋገርኳቸው ሰዎች የሳቁበት ፎቶ ነበረን። የወጣው ግን አንድ ትራስ ብቻ የተቀመጠበት አልጋ ፎቶ ነው። ይቀየር አልኩ፤ ጊዜ የለም ተባልኩ።

አክስቴ አሁን ጡረታ ወጥታለች። አረጋውያን ወደሚኖሩበት ሕንፃ ስትገባ ማድ ቤቷ ስለጠበበ ዕቃዋን አከፋፈለች። ይህን ድስት ለብቻው በፎጣ ጠቅልላ ሰጠችኝ።

«ከመጣች ስጫት» አለችኝ።

«እኔ ጋ እንዳለ በምን ታውቃለች?»

«ጋዜጠኛ አይደለሽ እንዴ? ጻፊዋ።»

ጻፍኩት። ድስቱ እኔ ጋ ነው። ባዶ ዕቃ አይመለስምና ብርቱካን አስቀምጥበታለሁ፤ ሲጨማደድ እቀይረዋለሁ።