ሳቤት የተሸከመችው ታንኳ

የሐይቆቹ በረዶ ከቀለጠ ሰንብቷል። ቢቨር የሚባለውን የውሃ አውሬ ሊያጠምዱ ወደ ሰሜን የዘለቁት ወንዶች ተመልሰው፣ ቆዳቸውን ሊሸጡ ደግሞ ወደ ባቡር ጣቢያው ወርደዋል። ሳይመለስ የቀረው ኢግናስ ብቻ ነው። ሚስቱ ሳቤት ውሃ ዳር እየወጣች መጠበቁ ሲያቅታት፣ አንድ ማለዳ አሮጌውን ታንኳ ገፍታ ስንቅ ጫነችበት።

«የት ልትሄጂ ነው?» አሏት አማቷ አጋት።

«ልፈልገው።»

«ተኝቶ ይሆናል። እሱ እንደሆነ ከሕፃንነቱም ካልቀሰቀሱት አይነሳም።» ይህን እያሉ ጫማቸውን ያስሩ ነበር።

«እርስዎ ደግሞ የት ነው?»

«ታዲያ ብቻሽን ልልቀቅሽ? መንገድ ትስቺና አንቺን ፍለጋ ታስወጪኛለሽ!»

ሳቤት ያደገችው ባቡር ሐዲድ አጠገብ ነው። ታንኳ ብቻዋን አንስታ መሸከም ያስተማራት ኢግናስ ነበር። መጀመሪያ ጭኗ ላይ ታሳርፈዋለች፤ ከዚያ በአንድ ትንፋሽ ገልብጣ አግዳሚውን እንጨት ትከሻዋ ላይ ታስቀምጠዋለች። አጋት ግን ይህን ሁሉ ዓመት አብረው ኖረውም «የባቡር ዳር ልጅ» ማለታቸውን አልተዉም።

በታችኛውና በላይኛው ሐይቅ መካከል ድንጋያማ አቀበት አለ፤ ከአቀበቱ ማዶ ደግሞ ረግረግ። ሳቤት ታንኳውን ደፍታ ወጣች። ከሥሩ ሆና የሚታያት የገዛ እግሯ ብቻ ነው። ሁለት እጇ ተይዟል፤ ትንኙ ጆሮዋ ውስጥ እየገባ ይነክሳታል። አጋት ጓዙን በጀርባቸው አዝለው፣ ማዘያ ጠፍሩን ግንባራቸው ላይ አሳርፈው ከኋላ ይከተላሉ። ረግረጉ ላይ ሳቤት እስከ ጭኗ ሰመጠች።

«አንቺ የባቡር ዳር ልጅ! ሻንጣ የያዝሽ መሰለሽ?»

«እማማ፣ እባክዎ ትንሽ ዝም ይበሉ።»

«ዝም ካልኩማ አስባለሁ!»

ሳቤት ከዚያ በኋላ ዝም ይበሉ አላለቻቸውም።

የኢግናስ የአደን ጎጆ በላይኛው ሐይቅ ዳር ነው። ምድጃው ቀዝቅዟል። ብርድ ልብሱ ታጥፏል፤ ቆዳዎቹ እንደተወጠሩ ደርቀዋል። ሴቶቹ ዳር ዳሩን ቀዝፈው ዞሩ። ነፋስ በሚገፋበት ጥግ፣ ቄጠማው ውስጥ ታንኳው ተገልብጦ አገኙት። መቅዘፊያው የለም። ስሙን እየተጣሩ ድምፃቸው እስኪዘጋ ፈለጉት። በማግስቱም ፈለጉት። በመጨረሻ አጋት ለሐይቁ መባ እንዲሆን ትምባሆ ቆንጥረው ውሃው ላይ በተኑና እንደ ሰው አነጋገሩት።

«ሌላ ልጅ የለኝም። አጥንቱን እንኳ መልስልኝ።»

ሐይቁ አንዳች አልመለሰም።

መመለሻው ላይ ሁለት ታንኳ ሆነ። «የሱን ተይው» አሉ አጋት።

«አልተወውም።»

«ምን ያደርግልሻል?»

«ምንም።»

አሮጌውን አሻግራ ተመለሰችና የኢግናስን ተሸከመች። አቀበቱ ወገብ ላይ ስትደርስ ታንኳው እንደተደፋባት ቁጭ አለች። ከውስጡ የዝፍትና የሱ ትምባሆ ሽታ መጣባት። ያን ጊዜ ጮኸች፤ ጩኸቱ ከላይዋ በተደፋው ታንኳ ተመልሶ ጆሮዋን ሞላው። አጋት ጓዛቸውን ጥለው በደረታቸው እየተሳቡ ከሥሩ ገቡና አጠገቧ ተቀመጡ። ተነሺ አላሏትም፤ አይዞሽም አላሏትም። ሁለቱም እስኪደክማቸው አለቀሱ።

ወንዶቹ ከጣቢያው ሲመለሱ እነሱም ሄደው ፈለጉ፤ ባዶ እጃቸውን ገቡ። የኢግናስን ታንኳ ገዢ ሲጠይቅ ሳቤት እንቢ አለች፤ ራሷም አልቀዘፈችበትም። ደጃፍ ላይ እንደተደፋ የተለበጠበት ሸራ ተቀደደ፣ ጣውላው በሰበሰ። አጋት የባቡር ዳር ልጅ ማለት ተዉ። ሳቤት ስድቡ እንኳ ናፍቋት ሆን ብላ ውሃ ትደፋ፣ ዓሣ ታሳርር ነበር፤ አሮጊቷ ግን አይተው እንዳላዩ ያልፋሉ። ክረምቱን ሳይጨርሱ እሳቸውም ሞቱ።

ወላጆቿ ወደ ባቡር ዳር ነይ ብለው ላኩባት። አልሄደችም። ለምን ሲሏት «ቢመጣስ?» ትል ነበር። ኋላ ላይ ይህንንም ማለት ተወች።