ከሁለተኛ ፎቅ የወረደው መዝገብ

ይህ የሆነው ባለፈው ሰኔ፣ ድሬዳዋ ውስጥ፣ አንድ ሰኞ ማለዳ ነው። በዚያ ቀን ደረጃው ላይ የነበርነው እነዚህ ነን፦ እኔ፣ ልጄ ሰላማዊት፣ የሰው ሀብት ኃላፊዋ ወይዘሮ እታገኝ፣ ጥበቃው ጋሽ ደምሴ፣ የመሥሪያ ቤቱ ምክትል ኃላፊ፣ ገና ያልፈረሙ ሰባት ስምንት ሠራተኞች፣ ከመልካ ጀብዱ የመጣ አንድ ባለጉዳይም ነበረ። ስሞቹን ቀይሬያለሁ። የመሥሪያ ቤቱንም ስም አልጠራም፣ ልጄ አሁንም እንጀራዋ እዚያ ነው። የባለጉዳዩን ስም ግን ልቀይር ብልም አልችልም፣ አላውቀውም። ነገሩ ከሐሳቤ አልወጣ ያለውም ለዚህ ነው።

ሰላማዊትን በስምንት ዓመቷ መኪና ገጭቷት ሁለቱም እግሮቿ ተጎድተዋል። በሁለት ክራንች ነው የምትሄደው። እኔ ራሴ ትምህርት ያቆምኩት ከአራተኛ ክፍል ነው፣ እሷን ግን ቀፊራ ገበያ ቅመም እየሸጥኩ አስተማርኳት። ዲፕሎማዋን ይዛ ተፈተነች፣ አንደኛ ወጣች፣ ከዚራ ሰፈር ያለ አንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት በመዝገብ ቤት ሠራተኛነት ቀጠራት። የስድስት ወር የሙከራ ጊዜ ነበረባት። እሱን በሰላም ከጨረሰች ቋሚ ትሆናለች።

መሥሪያ ቤቱ ደግ ነው፣ ላማው አልፈልግም። የገባች ቀን አጨበጨቡላት። መሐል አቁመው ፎቶ ተነሡ። ፎቶውን አሳጥበው፣ ከሥሩ «አካል ጉዳተኛን እናካትታለን» ብለው ጽፈው፣ ሁለተኛ ፎቅ ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ለጠፉት። ልጄ በየቀኑ አርባ ስድስት ደረጃ ወጥታ እንድታየው ይሆናል።

የሥራ ቦታዋ እንኳ ምድር ቤት ነው። ይህንንም በደብዳቤ ነግረዋታል፣ «የሥራ ቦታዎ በምድር ቤት እንዲሆን የተመቻቸልዎ መሆኑን እንገልጻለን» ይላል። ጋሽ ደምሴ እንደነገረኝ መዝገብ ቤቱ ሕንፃው ከተሠራ ጀምሮ እዚያው ነው። ልጄ ሳትወለድ አስበውላት ነበር ማለት ነው።

የሰዓት ፊርማው መዝገብ ግን ሁለተኛ ፎቅ፣ የወይዘሮ እታገኝ ጠረጴዛ ላይ ነው። ጠዋት ሠራተኛው ሁሉ እዚያ ወጥቶ ይፈርማል። ሩብ ሰዓት ካለፈ ቀይ ይሰመርበታል። ሦስት ቀይ ማስጠንቀቂያ ያሰጣል። ሊፍት አለ። መጥረጊያና ባልዲ ይቀመጥበታል፣ አንድም ቀን ሲንቀሳቀስ ያየው ሰው የለም።

ሰላማዊት ሕጉን አንብባልኛለች። መሥሪያ ቤት አካል ጉዳተኛ ሠራተኛው ሥራውን መሥራት እንዲችል ቦታውንም አሠራሩንም ማመቻቸት አለበት ይላል። በጣም ጥሩ ሕግ ነው። ችግሩ የተጻፈው ወረቀት ላይ መሆኑ ነው፣ ወረቀት ላይ ደረጃ የለም።

ልጄ በጽሑፍ ጠየቀች። መዝገቡ ጠዋት ጠዋት ምድር ቤት ይቀመጥልኝ አለች። መዝገብ ከቢሮ አይወጣም ተባለች። ሌላ ሰው ይፈርምልኝ አለች። ፊርማ በውክልና አይሆንም ተባለች። ጉዳዩን የሚያይ ኮሚቴ ተቋቋመ። ኮሚቴው ስብሰባ ጠራትና ሄደች፣ ስብሰባው የነበረውም ሁለተኛ ፎቅ ነው። ትንሽ ዘግይታ ደረሰችና በስብሰባ ሰዓት አለማክበር የሚል አስተያየት ተያዘባት።

በአምስት ወር ሁለት ማስጠንቀቂያ ሰበሰበች። ሦስተኛው ከመጣ ቋሚነቱ ቀረ ማለት ነው። እኔ ፈሪ ነኝ፣ ልጄን መኪና ከገጫት ቀን ጀምሮ ፈሪ ነኝ። ስለዚህ የመጨረሻውን ወር ቅመሜን ለጎረቤቴ ለፋጡማ እየተውኩ በየማለዳው አብሬያት እወጣ ነበር። እሷ በአንድ ክራንችና በደረጃው መደገፊያ ብረት ትወጣለች፣ እኔ ሁለተኛውን ክራንች ይዤ ከኋላ። ብትወድቅ እኔ ላይ እንድትወድቅ ብዬ ነው። ጋሽ ደምሴ ሲያየን «እናንተ ደግሞ ከሠራተኛው ሁሉ ቀድማችሁ ገብታችሁ ከሠራተኛው ሁሉ በኋላ ትፈርማላችሁ» ይላል።

የዚያን ሰኞ ደረጃው ታጥቦ ነበር። እስከ አንደኛ ፎቅ ደረስን። ከዚያ ክራንቹ ውሃው ላይ ተንሸራተተባትና በጎኗ ወደቀች። እኔ ላይ አልወደቀችም፣ ስንት ቀን የተዘጋጀሁበት ነገር እንኳ አልሆነልኝም። የቀኝ እጇ አንጓ ወዲያው አበጠ። ያን እጇን ሳታሳርፍ ክራንች መያዝ አትችልም። «እማ፣ ስንት ደቂቃ ቀረ?» አለችኝ። አመመኝ አላለችም።

ሮጬ ወጣሁ። ሠራተኞቹ ተሰልፈው ይፈርማሉ፣ ከበሩ አጠገብ ያለው አግዳሚ ላይ ባለጉዳዮች ተቀምጠዋል። ወይዘሮ እታገኝ ቀዩን እስክሪብቶ አዘጋጅታ ሰዓቷን ታያለች። ልጄ ወድቃለች፣ እባክሽ መዝገቡን አንድ ጊዜ አውርጂልኝ አልኳት። በጣም አዘነች። እንደ እሷ የሚያዝን ሰው አላየሁም፣ ደረቷን በእጇ ይዛ ነው ያዘነችው። ከዚያ «እማማ፣ እኛ እኮ ከልባችን እናዝናለን። ግን መዝገብ ከቢሮ አይወጣም። እሷ ራሷ ትምጣ» አለችኝ።

አግዳሚው ላይ ሽርጥ ያገለደመ፣ ጢሙን ሂና የነካው አንድ ሽማግሌ ነበር። ቢጫ ፋይል ጭኑ ላይ አድርጎ ተቀምጧል። ስለ እርሻ መሬቱ ከመልካ ጀብዱ ሲመላለስ ሦስተኛ ቀኑ እንደሆነ ማለዳ በሩ ላይ ለጎኑ ሰው ሲነግር ሰምቻለሁ። ተነሥቶ ወደ ጠረጴዛው መጣ።

«አቦ፣ የትኛዋ ናት ደብተሯ?» አለ።

ወይዘሮ እታገኝ ሳታስበው በጣቷ አሳየችው። ሰውየው መዝገቡን ዘግቶ በብብቱ ይዞ ወጣ። አልሮጠም። ከመስጊድ እንደሚመለስ ሰው ቀስ ብሎ ደረጃውን ወረደ።

ያኔ ነው ቢሮው የተንቀሳቀሰው። አምስት ወር ሙሉ ማንም መዝገብ ይዞ ሊወርደው ያልቻለው ደረጃ ባንዴ ሰው ሞላው። ወይዘሮ እታገኝ በረጅም ተረከዝ ጫማ፣ ያልፈረሙት ሠራተኞች ከኋላዋ፣ እኔ ከሁሉም ኋላ። ጋሽ ደምሴ ጩኸቱን ሰምቶ ከታች ይወጣል።

ሰውየው ልጄ አጠገብ ተቀምጦ መዝገቡን ጉልበቷ ላይ ዘረጋላት። «ፈርሚ ልጄ፣ ቢስሚላህ በይ» አላት። በግራ እጇ ፈረመች። ሰዓቱን አየሁ፣ ሦስት ደቂቃ ይቀራል።

ወይዘሮ እታገኝ የመንግሥት ሰነድ ዘረፋ ነው ማለት ጀመረች። ሰውየው «ይቺ ደብተር እኔ ስይዛት ቀላል ናት። ለእናንተ ነው የከበደችው» አላት። ልትመልስለት ስትል ካልፈረሙት አንዱ መዝገቡን ሳብ አድርጎ ፈረመ። ሌላውም ተከተለ። ሁለተኛ ፎቅ ድረስ ከመመለስ እዚሁ ይሻላል ብለው ነው፣ የልጄ ነገር አሳስቧቸው አይደለም። ደረጃው ላይ ሰልፍ ሆነ።

በዚህ መሐል ምክትል ኃላፊው ከመኪናው ወርዶ ወደ ላይ ሲወጣ ደረሰብን። ሊቆጣ አፉን ከፈተ፣ ሰዓቱን አየ፣ እስክሪብቶ ተበደረና ፈረመ። ከፈረመ በኋላ ተቆጣ።

ሰውየውን ማን እንዳስገባው ጠየቀ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረና «ዘመድሽ ነው?» አለኝ።

ልጄ ቋሚ ልትሆን ዘጠኝ ቀን ቀርቷታል። «አላውቀውም» አልኩ። እውነቴን ነው፣ አላውቀውም። ግን ያልኩት በምን ዓይነት ድምፅ እንደሆነ እኔ አውቃለሁ። እንደማያውቁት ሰው አይደለም፣ እንደሚክዱት ሰው ነው።

ሰውየው ቀና ብሎ አየኝ። «ወላሂ እኔም አላውቃትም» አለ ለምክትሉ፣ ረጋ ብሎ። «እሷን አትጠይቁ፣ እኔ ነኝ ያመጣሁት።»

ጋሽ ደምሴ ክንዱን ይዞ ወደ በሩ ወሰደው። ከዛሬ ጀምሮ ግቢ እንዳይገባ የሚል ትእዛዝ ምክትሉ ከደረጃው ላይ ሆኖ ሲሰጥ ሰማሁ። እኔ ልጄን ደግፌ በባጃጅ ጤና ጣቢያ ወሰድኳት። እጇ አልተሰበረም፣ ወለምታ ነው አሉን።

በማግስቱ መዝገቡ ምድር ቤት፣ ጥበቃው አጠገብ ባለች ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ ተገኘ። ምክትል ኃላፊው መውጣት ሰልችቶት ይሁን አፍሮ፣ አላውቅም። አሁን ሁሉም እዚያ ይፈርማል። በዓመቱ መጨረሻ ሪፖርት ላይ «ለአካል ጉዳተኛ ሠራተኞች አሠራር ተመቻችቷል» ተብሎ እንደተጻፈ ሰላማዊት አይታለች። ወይዘሮ እታገኝም ለዚሁ የምስጋና ወረቀት ተሰጥቷታል። ደረቷን ይዛ ተቀበለች አሉ።

ልጄ ቋሚ ሆነች። ደብዳቤውን በላስቲክ ጠቅልዬ ሳጥኔ ውስጥ አስቀምጫለሁ። ደስ ብሎኛል፣ አልዋሽም። ግን በእኛ ምክንያት በዚያ ሰው ላይ ያ በር ተዘጋ። የመሬቱ ጉዳይ ደግሞ የሚያልቀው እዚያው በር ውስጥ ነው። ልጄ ፋይሉን እንዳትፈልግለት ከመልካ ጀብዱ የመጣው ፋይል አንድ መደርደሪያ ሙሉ ነው፣ ስሙንም አላውቀውም። ያን ጊዜ አንድ ቃል ተናግሬለት ቢሆን ኖሮ ስሙን ለመጠየቅ አላፍርም ነበር። ጋሽ ደምሴን ስጠይቀው ከዚያ ቀን ወዲህ አላየሁትም አለኝ።

መልካ ጀብዱ ያላችሁ አንባቢዎች፣ ጢሙ ሂና የተነካ፣ ቢጫ ፋይል የሚይዝ፣ ስለ እርሻ መሬቱ ባለፈው ሰኔ ድሬዳዋ ሲመላለስ የነበረ ሽማግሌ የምታውቁ ካላችሁ፣ ደኅና ነው ወይ? ጉዳዩስ አለቀለት ወይ? እባካችሁ ለዝግጅት ክፍሉ ጻፉልኝ።