የካሊሮይ ማሳ የበላው መድኃኒት

ካሊሮይ በናክሶስ ደሴት ድንች ስታመርት ዕድሜዋን የጨረሰች ሴት ናት። ባሏ ከሞተ ወዲህ ማሳውን የያዘችው ብቻዋን ነው። በዚያ ዓመት ከመሬት ያወጣችው ድንች ሁሉ ትል በሳስቶት ወንፊት መስሎ አገኘችው።

የትል መድኃኒቱን መሬቱን ያጠጣችው በወቅቱ ነው፤ መጠኑንም አላጓደለችም። ብትደግመውም ትሉ ባሰበት እንጂ አልቀነሰም። ስለዚህ ጥፋቱን በያኮቮስ ላይ ጣለችው። ያኮቮስ የእርሻ መድኃኒት ይነግዳል፤ ልጇን ክርስትና ያነሳ አበልጇም ነው። ቡና ቤት ገብታ፣ ውሃ ቀላቅሎ ሸጠልኝ ብላ በሰው ፊት አዋረደችው።

በማግስቱ ያኮቮስ ያልተከፈተ የመድኃኒት ጀሪካን ይዞ በሯ ላይ ቆመ።

«አበልጅ፣ ከአፈርሽ ዝገኚልኝ። ከዚህ ጋር ለምርመራ ይሂድ። ውሃ ከተገኘበት ሱቄን እዘጋለሁ።»

«ዘጋህ አልዘጋህ ድንቼ አይመለስም» አለችው። አፈሩን ግን እያጉረመረመች ዘገነችለት።

ውጤቱን ይዛ የመጣችው ዳናይ የምትባል ወጣት የአፈር ባለሙያ ናት። መድኃኒቱ እንከን እንደሌለው ነገረቻት።

«እማማ፣ አፈርዎ ውስጥ ለዓይን የማይታዩ ተህዋስያን አሉ። በየዓመቱ ያንኑ መድኃኒት ሲሰጧቸው ለመዱት። አሁን ትሉን ገና ሳይገድል እነሱ በልተው ይጨርሱታል።»

«እና እስከ ዛሬ ስቀልብ የኖርኩት እነሱን ነው?»

«እነሱን ነው። ግን ክፉ አይደሉም፤ መርዙ ወደ ጉድጓድ ውሃዎ እንዳይወርድ ያደርጋሉ።»

«ውሃውስ ይጠጣል፤ ምን ተበልቶ ነው የሚጠጣው?»

ዳናይ ተህዋስያኑ መድኃኒቱን እንዲረሱት ለጥቂት ዓመታት እንድትተወው፣ ትሉም የሚበላው ድንች እንዲያጣ በድንቹ ፋንታ ገብስ እንድትዘራ መከረቻት። ካሊሮይ ገብስ የሰነፍ እህል ነው እያለች ቀኑን ሙሉ ስትነጫነጭ ዋለች። ከዚያ የባሰው ግን ይቅርታው ነበር። ቡና ቤቱ በር ላይ ቆማ፣ መድኃኒቱ ደህና እንደነበር፣ የበላው የራሷ መሬት እንደሆነ አጉተመተመች።

«ሌባ ስትዪኝ እኮ ድምፅሽ ወደቡ ድረስ ይሰማ ነበር» አላት ያኮቮስ።

ተናድዳ፣ ጮክ ብላ ደገመችው። ያኮቮስም ወንበር ሳበላት።

ገብሱ አማረ፤ እሷ ግን ባየችው ቁጥር ፊቷን ታዞር ነበር። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ወደ ድንቹም ወደ መድኃኒቱም ስትመለስ ትሉ ጨርሶ ባይጠፋም ለገበያ የሚበቃ ምርት አገኘች። ለያኮቮስ ቤት አንድ ቅርጫት ላከች፤ ከተበሳሳውም ጥቂት ሳትጨምርበት አልቀረችም።